የቮልስ ዲስትሪቢዩተር እና የእሳቱ ሰዓት

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ካንዴላው ብልጭ ሲል የታመቀው የነዳጅና የአየር ድብልቅ በአንድ ጊዜ ቦግ አይልም። እሳቱ ከካንዴላው ጫፍ ተነሥቶ፣ ደረቅ ሣር ላይ እንደ ተለኮሰ ቃጠሎ፣ ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይዛመታል። ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ የሴኮንድ ሽራፊ ቢሆንም ይፈጃል። ፒስተኑን የሚገፋው ከፍተኛ ግፊት የሚፈለገው ደግሞ ፒስተኑ የማመቅ ጉዞውን ጨርሶ መመለስ ሲጀምር፣ ክራንኩ ከጫፉ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፉ ላይ ከመድረሱ አስቀድሞ መነሣት አለበት። ታይሚንግ የሚባለው ይህ ቅድሚያ ነው፤ የሚለካውም በክራንክ ሻፍት ዲግሪ ነው።

ነገሩን በዓይን እያዩ፣ በእጅ እየዳሰሱ ለመረዳት ከአሮጌዋ ቮልስዋገን የተሻለ ሞተር ማግኘት ያስቸግራል። በኢትዮጵያ ቮልስን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እንኳ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእሷው ነበር። የኋላ ክዳኗ ሲከፈት፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ያለ ብዙ ፍለጋ ይታያል። አንድ ብሎን ሲላላለት በእጅ የሚዞር ዕቃ ነው፤ ጣጣውም ከዚሁ ቅለቱ ይመጣል። መኪናዋ ጉልበት ስታጣ የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ እሱ ነው። ትንሽ ይዞራል፣ ድምፁ ይሻሻላል፣ መኪናዋ ትሸኛለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ሕመም ይዟት ይመለሳል። ዲስትሪቢዩተር ማዞር የሥራው መደምደሚያ እንጂ መጀመሪያ አይደለም፤ ምክንያቱ የሚገባው ግን የእሳቱን መንገድ ከባትሪው ጀምሮ ለተከተለ ሰው ነው።

ይህን ከባትሪ እሳት የሚያወጣ ሥርዓት አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. ለ1910 የካዲላክ መኪኖች ያቀረበው ሲሆን፣ መሠረቱ ሳይለወጥ ከ60 ዓመት በላይ አገልግሏል። የኢትዮጵያ ጋራዥ ዕቃዎቹን የሚጠራቸው በአብዛኛው ከጣሊያንኛ በወረሳቸው ስሞች ነው። ቦቢናው ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ፤ አንዱ ወፍራምና አጭር፣ ሌላው እንደ ፀጉር የቀጠነና እጅግ ረጅም። የባትሪው 12 ቮልት በወፍራሙ ሽቦ አልፎ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ባለችው ፑንቲና በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ይወርዳል። ፑንቲናዋ በዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ ያለ ባለ አራት ማዕዘን ካም የሚከፍታትና የሚዘጋት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ናት። ስትገጥም ቦቢናው ጉልበት ያጠራቅማል፤ ስትላቀቅ የተጠራቀመው በድንገት ይፈርስና በቀጭኑ ሽቦ ላይ ከ15,000 እስከ 25,000 ቮልት ይወጣል። ብልጭታው የሚነሣው እንግዲህ ፑንቲናዋ ስትገጥም ሳይሆን በተላቀቀችበት ቅጽበት ነው። ይህን ያልያዘ ሰው ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይምታታበታል።

ከቦቢናው የወጣው ከፍተኛ ቮልት በወፍራም ገመድ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን መሐል ይገባል፤ ከዚያ በሚዞረው ሮተር በኩል ለአራቱ ካንዴላዎች በየተራቸው ይታደላል። የቮልስ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ፊቱን ወደ መኪናዋ አፍንጫ ላዞረ ሰው በስተቀኝ ያሉት 1ኛና 2ኛ፣ በስተግራ ያሉት 3ኛና 4ኛ ሲሊንደሮች ሲሆኑ፣ 1ኛውና 3ኛው ወደ መኪናዋ ፊት የሚጠጉት ናቸው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሄድ ፑንቲናዋ በሴኮንድ 100 ጊዜ ትከፈታለች። በእያንዳንዱ መላቀቅ በጫፎቿ መካከል ቅስት እንዳይነሣ የሚከላከልላት ኮንደንሰሩ ነው።

የሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ቅድሚያውም መጨመር አለበት፤ ምክንያቱን ተራ ስሌት ያሳያል። በሚኒሞ፣ ማለትም ፔዳሉ ሳይረገጥ በደቂቃ 850 ዙር፣ ክራንኩ በአንድ ሴኮንድ 5,100 ዲግሪ ይዞራል፤ 7.5 ዲግሪ ቅድሚያ ማለት 1.5 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነው። በደቂቃ 3,200 ዙር ላይ ግን በሴኮንድ 19,200 ዲግሪ ስለሚዞር ያንኑ 1.5 ሚሊ ሴኮንድ ለማግኘት 28 ዲግሪ ያስፈልጋል። እሳቱ የሚሻው ጊዜ ብዙም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክራንኩ በዚያ ጊዜ የሚሄደው መንገድ ነው። ለዚህ ሲባል ዲስትሪቢዩተሩ ሆድ ውስጥ በቀጫጭን ሞላዎች የተያዙ ሁለት ክብደቶች አሉ። ፍጥነት ሲጨምር ወደ ውጭ ይበተኑና ካሙን ወደሚዞርበት አቅጣጫ ገፋ አድርገው ፑንቲናዋን ቀደም ብለው ያስከፍቷታል። ብዙ ዲስትሪቢዩተሮች በተጨማሪ ከካርቡራተሩ በቀጭን ቱቦ የሚሳብ የቫኪዩም ጣሳ አላቸው፤ ፔዳሉ በትንሹ ሲረገጥ፣ ድብልቁ ሲሳሳና ቀስ ብሎ ሲነድ፣ ቅድሚያ ይጨምራል። ቮልስ ላይ በብዛት የሚታየው ቦሽ 009 ግን ቫኪዩም የለውም። በአንድ ካርቡራተር ሲሠራ ፔዳሉ ድንገት ሲረገጥ ሞተሩ አፍታ የሚያመነታው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይህን ማመንታት በታይሚንግ ለማጥፋት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

ወደ ሥራው ሲገባ የመጀመሪያዋ ፑንቲና ናት። ክዳኑና ሮተሩ ይነሣሉ፤ የካሙ ጉብታ ፑንቲናዋን እስከ መጨረሻ እስኪከፍታት ሞተሩ በእጅ ይዞራል። ለዚህ የዲናሞው ፑሌጃ ነት፣ 21 ቁጥር፣ ጥሩ መያዣ ነው። ጫፎቿ ከተቃጠሉ ወይም አንዱ ጎድጉዶ ሌላው ላይ ኮረብታ ከወጣ ፑንቲናዋ ትቀየራለች። በሸርከት ወረቀት አሽቶ መመለስ መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ካልሆነ መፍትሔ አይደለም፤ የብረቱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው መሻገር ኮንደንሰሩም መጠርጠር እንዳለበት ይናገራል። ክፍተቷ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በክፍተት መለኪያ ቅጠል ሲለካ ቅጠሉ ፑንቲናዋን ሳይገፋ ግን እየታከከ ማለፍ አለበት። መለኪያ ያለው ጋራዥ ፑንቲናዋ ገጥማ የምትቆይበትን ማዕዘን ይለካል፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ከሚደርሰው 90 ዲግሪ ውስጥ ከ44 እስከ 50 መሆን አለበት።

ፑንቲናዋ ከታይሚንግ መቅደሟ የልማድ ጉዳይ አይደለም። ክፍተቷ ሲሰፋ ቀድማ ትከፈታለች፣ ሲጠብ ዘግይታ፤ ገጥማ የምትቆይበት ማዕዘን በ1 ዲግሪ ሲለወጥ ታይሚንጉም በ1 የክራንክ ዲግሪ ያህል ይዛነፋል። ካሙን የሚታከከው የፑንቲናዋ ጉብታ በየኪሎ ሜትሩ ስለሚበላ ክፍተቱ በራሱ እየጠበበ ይሄዳል፤ እሳቱም በዚያው መጠን ይዘገያል። ታይሚንጉን አስተካክሎ ከዚያ ፑንቲናዋን የነካ ሰው የመጀመሪያውን ሥራ አፍርሶታል። ፑንቲናዋ ጠባ ሳለች ዲስትሪቢዩተሩን ብቻ ያዞረ ደግሞ ሰዓቱን ቢያስተካክልም፣ ፑንቲናዋ መጥበቧን እንደ ቀጠለች ትቷታል። በካሙ ላይ የሚቀባ ጥቂት ግሪስ የዚህን ጉብታ ዕድሜ ያራዝማል። ሲበዛ ግን ወደ ጫፎቹ ተረጭቶ ያቃጥላቸዋል።

ፑንቲናዋ ከተበጀች በኋላ ታይሚንጉ ባለ 12 ቮልት አንድ አምፑል ይበቃዋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ፑሌጃው በሰዓት አቅጣጫ እየተዞረ ሮተሩ በዲስትሪቢዩተሩ ከንፈር ላይ ወዳለችው ጭረት እንዲያመለክት ይደረጋል፤ ያች ጭረት የ1ኛው ሲሊንደር ናት። በክራንኩ ፑሌጃ ላይ ያለው የ7.5 ዲግሪ ምልክት የሞተሩ ሁለት ግማሾች ከተጋጠሙበት መስመር ጋር ይገጥማል። የአምፑሉ አንድ ሽቦ ከቦቢናው ወደ ፑንቲናዋ ቀጭን ሽቦ በሚሄድበት፣ 1 ቁጥር በተጻፈበት ጫፍ ላይ ይያዛል፤ ሌላው ሞተሩ ብረት ላይ። ቁልፉ ይከፈታል። የዲስትሪቢዩተሩ ማሰሪያ ላልቶ አካሉ አምፑሉ እስኪጠፋ በሰዓት አቅጣጫ፣ ከዚያ ልክ ቦግ እስኪል ድረስ በዝግታ ወደ ኋላ ይዞራል። የበራባት ቅጽበት ፑንቲናዋ የተላቀቀችባት ናት። ማሰሪያው እዚያው ላይ ይጠበቃል። አካሉ ማሰሪያው ሲጠብቅ የመንሸራተት ልማድ ስላለው ፑሌጃውን ሁለት ዙር አዙሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቁልፉን ከፍቶ ለወሬ መቆም ግን አይገባም፤ ፑንቲናዋ ገጥማ ከሆነ ቦቢናው እየጋለ ይቆያል።

7.5 ዲግሪ ለሁሉም ቮልስ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ፣ ሁለት የቫኪዩም ቱቦ ያላቸው አንዳንድ ሞዴሎች ቱቦዎቻቸው እንደ ተሰኩ ከጫፉ በኋላ 5 ዲግሪ ላይ ነበር የሚስተካከሉት። ዓይነቱን የሚነግረው በዲስትሪቢዩተሩ አካል ላይ የታተመው ቁጥር ነው። የፑሌጃ ምልክቶችም በየዘመኑ ይለያያሉ፤ በሌላ ፑሌጃ የተተካም ብዙ ነው። ምልክት ያልተገኘ እንደሆነ በመለኪያ ሜትር ማውጣት ይቻላል፤ ዙሪያው ለ360 ሲካፈል የአንድ ዲግሪ ርቀት ይወጣል። ዲያሜትሩ 175 ሚሊ ሜትር በሆነ ፑሌጃ ላይ አንድ ዲግሪ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ 30 ዲግሪ ደግሞ 46 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል።

አምፑሉ የሚያሳየው ሞተሩ በቆመበት ያለውን ነው፤ ክብደቶቹ ሥራቸውን መሥራታቸውን አይናገርም። ለዚያ በ1ኛው ካንዴላ ገመድ ላይ የሚያያዝ፣ በእያንዳንዱ ብልጭታ የሚበራ የታይሚንግ መብራት ያስፈልጋል። 009 ያላት ቮልስ ከ3,000 ዙር በላይ ስትረገጥ ምልክቱ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ላይ መቆም አለበት። ሁለቱ መለኪያዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ሚኒሞው ላይ ያለው ቁጥር ትንሽ ቢዛነፍ ይሻላል፤ ሞተሩ በርትቶ የሚሠራው፣ የሚጎዳውም፣ ከፍ ባለው ዙር ላይ ነውና። መብራቱ በ3ኛው ሲሊንደር ገመድ ላይ ተይዞ ምልክቱ ጥቂት ዲግሪ ዘግይቶ ቢታይ በአንዳንድ አሮጌ ዲስትሪቢዩተሮች ላይ ጉድለት አይደለም። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው 3ኛው ሲሊንደር የሚያገኘውን አየር ይሻማ ስለነበር፣ ሲሊንደሩ እንዳይግል ፋብሪካው ሆን ብሎ እሳቱን አዘግይቶለታል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ሲሊንደሩ የሚሞላው አየር ስስ ነው፤ ሲታመቅም ግፊቱ ዝቅ ይላል፤ እሳቱ ቀስ ብሎ ይዛመታል። አንድ ሁለት ዲግሪ ተጨማሪ ቅድሚያ እዚህ ከተማ ውስጥ ያለ ጉዳት ጉልበት የሚሰጠው ለዚህ ነው። ያቺው መኪና 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው አዋሽ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ አዲስ አበባ ላይ ጸጥ ያለው ሞተር ዳገት ሲይዝ ማንኳኳት ይጀምራል። ቆላ ለሚወርድ መኪና ወደ ፋብሪካው ቁጥር መመለስ ይበጃል።

እሳቱ ሲቀድም ሞተሩ ከጋለ በኋላ ለመነሣት ያስቸግራል፤ ሞተሪኖው ሲያዞረው ወደ ኋላ የሚመታ ይመስላል። ዳገት ላይ ጠጠር በጣሳ ውስጥ እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ ይሰማል። ቮልስ ላይ ይህ ድምፅ አደገኛ የሚሆነው ሳይሰማ ስለሚቀር ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ማራገቢያውም ይጮኻል። ባለቤቱ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ፒስተኑ ከተበሳ በኋላ ነው። የዘገየ እሳት ደግሞ ሞተሩን ሰነፍ ያደርገዋል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ይግላል፣ ያልነደደው ድብልቅ ማርሚታ ውስጥ ይተኩሳል። ከጥንቃቄ ብዛት እሳቱን ማዘግየት የሚወዱ አሉ፤ እሳቱ ዘግይቶ በጭስ ማውጫው በር ሲወጣ ቫልቮቹን እንደሚጠብስ ግን ይዘነጋሉ።

ታይሚንጉ በትክክል ተስተካክሎ ችግሩ ካልለቀቀ ዲስትሪቢዩተሩ ራሱ ይመረመራል። በክረምት ጠዋት አልነሣ የሚል፣ ፀሐይ ሲመታው የሚነሣ ሞተር በመጀመሪያ ክዳኑን ያስጠረጥራል። ውስጡ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ሲታይ በእርሳስ የተሰመረ የመሰለ ቀጭን ጥቁር መስመር ከተገኘ ቮልቱ የራሱን አቋራጭ መንገድ ቆፍሯል ማለት ነው፤ ክዳኑ ይጣላል። መሐሉ ላይ ያለችው የካርቦን ዘንግ በሞላዋ ተገፍታ መውጣት መግባት አለባት። ሞተሩ በጨለማ እየሠራ ሲታይ በገመዶቹ ዙሪያ የሚሯሯጥ ሰማያዊ ብልጭታ የተሰነጠቀውን ገመድ ያጋልጣል። ሮተሩ ውስጥ የተቀበረች የኤሌክትሪክ መከላከያ ስለምትቃጠል፣ ከላይ ደኅና የሚመስል ሮተር ሞተሩን ጨርሶ ሊያቆመው ይችላል።

ኮንደንሰር ሲሞት ክዳኑ ተነሥቶ ሞተሪኖው ሲዞር ፑንቲናዋ ላይ ደማቅ ሰማያዊ ቅስት ይታያል፤ ካንዴላው ላይ ግን እሳቱ ቢጫና ደካማ ነው። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ከሄደ በኋላ ቀጥ ብሎ፣ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ የሚነሣ ከሆነ ቦቢናውና ኮንደንሰሩ ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ነዳጅም በሙቀት እንዲህ ያደርጋልና፣ በቆመበት ደቂቃ እሳት መኖር አለመኖሩን ማየት ሁለቱን ይለያል። የቮልስ ቦቢና ወፍራም ሽቦ በኦም ሜትር ሲለካ ከ3 እስከ 4.5 ኦም ያህል ያሳያል። 1.5 ኦም ብቻ ያለው፣ ለሌላ መኪና የተሠራ ቦቢና ያለ ተጨማሪ መከላከያ ከተገጠመ ፑንቲናዋን ቶሎ ቶሎ ያቃጥላታል፤ በየወሩ ፑንቲና የሚቀየርላት መኪና ምስጢሯ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ክብደቶቹን ለመመርመር ሮተሩን በሚዞርበት አቅጣጫ በጣት ጠምዝዞ መልቀቅ ይበቃል። ፈጥኖ መመለስ አለበት። ከተጎተተ ግሪሱ ደርቋል፤ ካልተመለሰ ሞላው ተበጥሷል። በመብራቱ የሚታየው ምልክት ከሚኒሞው ቦታ ካልተንቀሳቀሰ ክብደቶቹ ተጣብቀዋል፤ በሚኒሞ ከተገቢው በላይ ቀድሞ እዚያው ከቀረ ተበትነው አልተመለሱም። ከሮተሩ ሥር ባለችው ጨርቅ ላይ አልፎ አልፎ አንድ ጠብታ ዘይት ማድረግ ይህን ሁሉ ያዘገየዋል፤ ዛሬ ግን የሚያስታውሳት የለም ማለት ይቻላል። ቫኪዩም ያላቸው ላይ ቱቦው በአፍ ሲሳብ ፑንቲናዋ የተቀመጠችበት ሳህን መንቀሳቀስና ቱቦው በምላስ ሲደፈን እዚያው መቆየት አለበት። ወዲያው ከተመለሰ ጣሳው ውስጥ ያለው ስስ ጎማ ተቀዷል፤ ያው ቀዳዳ ለካርቡራተሩ ያልታሰበ አየር ስለሚያስገባ ሚኒሞውንም ያናውጠዋል።

ከሁሉም የሚከፋው የዘንግ መበላት ነው። ሮተሩ ተነሥቶ ዘንጉ ወደ ጎንና ጎን ሲገፋ በግልጽ ከተንቀሳቀሰ፣ ፑንቲናዋ በእያንዳንዱ ማዕዘን የተለያየ ክፍተት ታገኛለች። በመብራቱ ሥር ምልክቱ ይጨፍራል፤ አንዱ ሲሊንደር ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። ስንት ጊዜ ቢዞር ለአራቱም የሚስማማ ቦታ የሌለው ዲስትሪቢዩተር ይህ ነው። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት በቶርኖ ሊሠራለት ወይም ዲስትሪቢዩተሩ በሙሉ ሊቀየር ይገባል። ፑንቲናዋን በማግኔት በሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ሞጁል መተካት የሚበላ ጉብታ ስለሌለው ታይሚንጉን ለረጅም ጊዜ ያጸናል፣ የዘንጉንም ልቅነት በከፊል ይታገሣል። ሲበላሽ ግን ሳያስጠነቅቅ ነው፤ የባትሪው ሽቦ ተገልብጦ ቢያዝበት በቅጽበት ይቃጠላል። አሮጌዋን ፑንቲና ከነኮንደንሰሯ መሳቢያ ውስጥ ማኖር መንገድ ላይ ያተርፋል።

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታዩት የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ኮሮላዎችም፣ 4ኤ-ኤፍኢ እና 5ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያላቸው፣ ዲስትሪቢዩተር አላቸው፤ ቅድሚያውን የሚወስነው ግን ኮምፒውተር ነው። እነዚህን እንደ ቮልስ በቀጥታ ማዞር አይቻልም፤ ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ ሰዓቱን ስለሚቀያይር መብራቱ የሚያሳየው የእሱን ውሳኔ እንጂ የዲስትሪቢዩተሩን አቀማመጥ አይደለም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በመመርመሪያው ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ፤ ዲስትሪቢዩተሩ በሚኒሞ ከጫፉ በፊት 10 ዲግሪ ላይ ይቀመጥና ይጠበቃል። ሽቦው ሲነሣ ኮምፒውተሩ ሥራውን መልሶ ይረከባል፤ ምልክቱም ከ10 ላይ መንቀሳቀስ ይጀምራል።